የተበላሸን ተሽከርካሪ በካሚዮን ለመጎተት ስለሚያስፈልገው መሣሪያ አመራረጥ

ለስምሪት ኃላፊዎች፣ ለግምጃ ቤት ሠራተኞችና ለእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ድርቅ በደረሰ ቁጥር የእህሉ መጠን በቶን ይሰላል፤ የተረጂውም ቁጥር በዝርዝር ይያዛል። በእህሉና በተረጂው መካከል ያለው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ቆሞ ሲቀር ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ከአሰብ ወደብ እህል ሲጓጓዝ ሥራውን ካጓተቱት ችግሮች አንዱ የማጓጓዣ እጥረት ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከፊሉም ያለ ውዴታው፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ሲወሰድ ደግሞ ለእህል የሚፈለጉት ካሚዮኖች ለሰፋሪዎችም ይፈለጉ ስለነበር ችግሩ ተባብሷል። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የእርዳታው እህል ዋና በር ጅቡቲ ሆኗል፤ የመንገዱ ጠባይ ግን አልተለወጠም። ከሚሌ ቆላ ተነሥቶ ከ1800 ሜትር ከፍታ በላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ መውጣት አለ። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ አለ። ሰፋሪዎች ወደ ጋምቤላ በሄዱበት መንገድም ከጎሬ ደጋ እስከ ባሮ ቆላ ድረስ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው።

በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ አንድ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ሲበላሽ ጋራዥ በቅርብ አይገኝም። ስለሆነም በዚያው የሚያልፈው ካሚዮን በአራቱም ጎማ እያንከባለለ ይጎትተዋል። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ የሚጠይቀው «ዳገቱን ለማውጣት የሚችል ገመድ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን መሆን የሚገባው «ቁልቁለቱን የሚያወርድ መሣሪያ አለ ወይ?» የሚል ነው። የመጎተቻ መሣሪያ የሚመረጠው በቁልቁለት እንጂ በዳገት አይደለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገመድም ሆነ ሰንሰለት ይስባል እንጂ አያግድም። 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ እስከ 250 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። ካሚዮኑ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ግፊቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። መሣሪያው ገመድ ከሆነ ይህን ሁሉ የሚያግደው የተጎታቹ መኪና ፍሬን ብቻ ነው። ሞተሩ በጠፋ መኪና ላይ ግን የፍሬኑ አጋዥ ኃይል አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ይከብዳል፤ መሪውም አጋዥ ያለው ከሆነ እንዲሁ ይከብዳል። ሾፌሩ ይህን ሳያውቅ ቁልቁለቱን ከጀመረ መኪናው ከካሚዮኑ ሥር ይገባል፤ የሰው ሕይወት ይጠፋል። መንገዱም ይዘጋና ከኋላ ያለው የእህል ጭነት ሁሉ ይቆማል።

ስለዚህ መሣሪያዎቹ በሦስት ተከፍለው ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያው ገመድና ሰንሰለት ነው። ይህ ለአጭርና ለሜዳ መንገድ፣ ፍሬኑና መሪው ደኅና ለሆነ መኪና ብቻ ይበቃል፤ ርዝመቱም ከ4 እስከ 5 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። የሚለጠጠው የናይሎን ገመድ ከጭቃ ለማውጣት የተሠራ በመሆኑ በአውራ ጎዳና ለመጎተት አይሆንም። ሁለተኛው አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ መሳብም ማገድም ይችላል፤ ሆኖም መሪ የሚይዝ ሾፌር በተጎታቹ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሦስተኛው በ«ለ» ፊደል ቅርጽ የተሠራው ባለ ሁለት ክንድ መጎተቻ ነው። ሁለቱ ክንዶች በተጎታቹ ሻንሲ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ፤ ጫፉ ከካሚዮኑ የተሳቢ ማያያዣ ጋር ይገጥማል። የመሪው መቆለፊያ ከተከፈተ የፊት ጎማዎቹ የካሚዮኑን አቅጣጫ ተከትለው ይዞራሉ። ለተራራማ መንገድ ከሦስቱ የሚመረጠው ይህ ነው። ይሁንና ፍሬን የሚይዘው ካሚዮኑ ብቻ ስለሚሆን ጎታቹ ከተጎታቹ እጅግ የከበደ መሆን አለበት።

የመሣሪያው ዓይነት ከታወቀ በኋላ ጥንካሬው ይመረመራል። የመሣሪያው አቅም የሚለካው በደካማው ክፍል ነው። ዘንጉ ወፍራም ሆኖ ፒኑ ቀጭን ቢሆን፣ ወይም በ«ሀ» ፊደል ቅርጽ የተሠራው ማያያዣ ብረት የተሰነጠቀ ቢሆን፣ የዘንጉ ውፍረት ዋጋ የለውም። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የተጻፈው የሥራ ጭነት ልክ ከተጎታቹ ሙሉ ክብደት፣ ማለትም ከነጭነቱ፣ እንዳያንስ ያስፈልጋል። መበጠሻ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሥራ ልክ አይደለም። ማሰሪያውም ከሻንሲው ላይ እንጂ ከፊት መከላከያ ብረት ወይም ከመሪ ዘንግ ላይ መሆን የለበትም። ዘንጉ ከመሬት ጋር ትይዩ ካልሆነና አንደኛው ጫፍ በጣም ከፍ ካለ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ተጎታቹን ወደ ላይ ያነሣዋል ወይም ወደ ታች ይጫነዋል። ከዋናው ማያያዣ ሌላ ሁለት መጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከዘንጉ ሥር ተመሳቅለው ቢታሰሩ፣ ፒኑ ቢወልቅ እንኳ ዘንጉ መሬት ከመውጋት ይድናል።

የተጎታቹም ዝግጅት ከመሣሪያው ተለይቶ አይታይም። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የኃይል ማከፋፈያው ማርሽ ሾፌሮች «ፎሌ» በሚሉት ቦታ ላይ መሆን አለበት። ጉዞው ረጅም ከሆነ ወይም የማርሽ ሳጥኑ ተበላሽቶ ከሆነ ወደ አክስሎቹ ኃይል የሚያስተላልፉት ዘንጎች ተፈትተው ይጫናሉ። በቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ይህንኑ የኋላ ዘንግ ስለሆነ፣ ዘንጉ ከተፈታ በኋላ መኪናውን የሚያቆመው ታኮ ብቻ ነው። የአየር ፍሬን ያለው ከባድ ካሚዮን ደግሞ አየሩ ሲያልቅ ጎማው በስፕሪንግ ይታሰራል። አየር ከጎታቹ በቱቦ ካልተሰጠው በቀር ስፕሪንጉ በእጅ ሊለቀቅ ይገባል፤ ያን ጊዜ ፍሬን የሌለው ስለሚሆን በገመድ መጎተቱ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት።

በጉዞ ላይ ተሳፋሪ በተጎታቹ ውስጥ አይቀመጥም። ከኋላ መብራት ወይም አንጸባራቂ ምልክት ይደረጋል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ካሚዮኑ ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላም ቆሞ ፒኑና ማሰሪያው ይታያል። የተወጠረ የብረት ገመድ ሲበጠስ ሰው የሚገድል በመሆኑ በአጠገቡ ማንም መቆም የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምርጫው የሾፌሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሾፌር በመንገድ ዳር የሚመርጠው ከተሰጠው ውስጥ ነው፤ ገመድ ብቻ ከተሰጠው በገመድ ይጎትታል። ስለዚህ ከግምጃ ቤት የሚወጣው እያንዳንዱ የካሚዮን ቡድን አንድ ባለ ሁለት ክንድ መጎተቻ፣ ሁለት መጠባበቂያ ሰንሰለት፣ መለዋወጫ ፒን፣ አራት ታኮና አንጸባራቂ ምልክት መያዙ በስምሪት ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሊፈረምበት ይገባል። መሣሪያው በሌለበትም ተሽከርካሪውን ከመንገድ አውጥቶ፣ ጠባቂ አቁሞ፣ እህሉን ይዞ ማለፍ ተገቢ ነው። የቆመ መኪና ነገ ይነሣል፤ በቁልቁለት የጠፋ ነፍስና በማከፋፈያ ጣቢያ የሚጠብቅ ረሀብተኛ ግን ነገን አይጠብቁም።