የተበዳይ ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ይህ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ለጀማዓው የተናገርኩት ነው። ኮሚቴው ጻፍልን ቢለኝ ጥቂት ጨምሬበታለሁ።

ዓርብ ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ የደረሰውን ለቢቸናና ለሞጣ ሰው መተረክ አያስፈልግም። መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሙ ሱቆች ተዘረፉ። ከዚያም ከየአገሩ እርዳታ ተዋጣ፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ነገር ግን ሰደቃና ካሳ አንድ አይደሉም። ሰደቃ ሰጪው ወድዶ የሚሰጠው ነው። ካሳ ግን በአጥፊው ጫንቃ ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ሌላው ስለ ረዳ አይሰረዝም።

ሸሪዓችን ይህን አጥብቆ ይዞታል። በስሕተት እንኳ ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሟች ቤተሰብ ዲያ እንዲከፍል ሱረቱል ኒሳእ ላይ ታዟል፤ የሚምረውም ቤተሰቡ ነው። ልብ በሉ፤ ማሩ ብሎ መለመን ይቻላል እንጂ በባለ ደሙ ፈንታ ሌላ ሰው መማር አይችልም። ሽማግሌም ቢሆን፣ ኢማምም ቢሆን።

«ታዲያ ዲያውን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይፍረድልን» የሚል አለ። አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለሃይማኖት ፍርድ ቤት የተወው የግልና የቤተሰብ ክርክርን ነው፤ ያውም ሁለቱም ወገን ሲፈቅድ። የደም ነገር የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን ተበዳይ ባዶ እጁን አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 ተበዳይ ወይም ወራሹ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 154 መንገዱን አሳይቷል፦ ነገሩ መሰማት ሲጀምር፣ በጽሑፍ፣ የጉዳቱን ዓይነትና የገንዘቡን ልክ ገልጦ። ይህ ካመለጠ በፍትሐ ብሔር መክሰስ አለ። ሁለት ዓመት አለፈ ተብላችሁ ቶሎ አትመለሱ፤ ለወንጀሉ የተወሰነው ጊዜ የሚረዝም ከሆነ ለካሳውም የሚሠራው እርሱ ነውና።

ጉድለትም አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያ ዘመን ይህ ገንዘብ ስንት በሬ ይገዛ እንደ ነበር አዛውንቶቻችንን ጠይቁ። አጥፊው ድኻ ሲሆን ደግሞ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ኒውዚላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. የወንጀል ተጎጂን መንግሥት እንዲክስ ሕግ አውጥታለች፤ መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ሲገደሉም ሟቾቹ ይጦሯቸው ለነበሩ ሰዎች በየሳምንቱ የሚከፈል ገንዘብ ተቆርጦላቸዋል። እኛ ዘንድ ለወንጀል ተጎጂ ሁሉ የሚከፍል እንዲህ ያለ የመንግሥት ገንዘብ አልተቋቋመም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ ከገበያ መልስ በተነሣ ጠብ በዱላ ተመትቶ ሞተ። ደም ለማድረቅ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ካሳው በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ተስማማን። የመጀመሪያው እንደ ተከፈለ «ተክሶ ታርቋል» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምን። እርቅ ክሱን አያስቀርም፤ ነገር ግን በዳዩ መጸጸቱንና መካሱን ያሳየ እንደ ሆነ ቅጣት ይቀልለታል። ወረቀቱ ለፍርድ ቤት ቀረበ፤ ቅጣቱም ቀለለ። የቀሩት ሁለት ክፍያዎች ግን አልመጡም። ሚስቲቱ ልጆቿን ይዛ ከቤቴ ደጃፍ ስትቆም «ሶብር አድርጊ» አልኳት። ሶብር የእርሷ ፋንታ ነበር፤ ገንዘቡን ማስከፈል የእኔ። ያልተከፈለውን ተከፈለ ብሎ መፈረም ምን እንደሚባል፣ ስለ ምስክርነት ስንት ኹጥባ ያደረግሁ ሰው አላጣሁትም።

ስለዚህ ለእርቅ ስትቀመጡ ገንዘቡ ተቆጥሮ በባለ ደሟ እጅ ሳይገባ አትፈርሙ። የተመታ ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ ሐኪም ቤት ሄዶ ማስረጃ ይያዝ። ነጋዴዎች ሆይ፤ ሱቃችሁ ውስጥ ያለውን ዕቃ መዝግቡ፤ አንድ ቅጂም ከሱቁ ውጭ አኑሩ። ሱቅ ሲነድ መዝገቡም አብሮ ይነዳል፤ ዳኛ ደግሞ የጠፋውን ልክ ይጠይቃል።

ያቺ ሴት የቀረውን ገንዘብ ለመጠየቅ ከሳለች። በምስክርነት የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ እቀርባለሁ፤ የፈረምኩትንም እናገራለሁ። እርሷ ግን ከበዳይ ዘመዶች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጥ ትፈራለች። ከእህቶቻችን አብረዋት የሚሄዱ ሁለት ሴቶች እፈልጋለሁ፤ የሚመቻችሁ ለኮሚቴው ጸሐፊ ንገሩልኝ።