የልጆቻችንን ስም ማን ይጽፋል?

(በአሽዶድ ለዖሊም ወላጆች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ስለ ቤት አይደለም፤ ስለ ሥራም አይደለም። ስለ ልጆቻችን ስም ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የልጄን ስም እዚህ አልጠራውም። ልመጣ ስነሣ «አባዬ፣ ስለ እኔ ብትናገር ግድ የለኝም፤ ስሜን ግን አትጥራ» አለኝ። ስሙ የእርሱ ነውና እሺ አልሁት። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ የሁላችንም በሆኑት፣ በእነ ከበደና በእነ አበበ እጠቀማለሁ።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለ በዓመቱ መዝጊያ ወላጆች ተጠርተን ሄድን። ልጆቹ በስማቸው እየተጠሩ ምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። አንድ ስም ተጠራ፤ ማንም አልተነሣም። ደግማ ጠራች፤ አሁንም የሚነሣ ጠፋ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ከኋላ ተቀምጬ «የማን ልጅ ይሆን?» እያልሁ ዙሪያዬን እመለከት ነበር። ሁሉም ተቀብለው ሲያበቁ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተረፈ፤ ባዶ እጁን የቀረውም የእኔ ልጅ ብቻ ነበር። የተጠራው እርሱ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ አባቱ እንኳ ስሙን አላወቅሁትም።

ቤት ገብተን «ለምን አልተነሣህም?» ብዬ ተቆጣሁት። «እኔን አልጠሩኝም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልጠሩትም።

ያ ስም የታናሽ ወንድሜ ስም ነበር። በ1984 በሱዳን መንገድ ወጥተን እርሱ እዚያው ቀረ። በዚያ ጉዞ ያለቁት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል። በመካከላችን የሞተበትን ሰው ስም ለልጁ ያላወጣ ቤተሰብ ስንት ነው? ምትኩ የምንለው፣ ካሣ የምንለው፣ ማስረሻ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። መምህርቷ ይህን አታውቅም፤ አልነገርናትማ። ለእርሷ በዝርዝሩ ላይ ያለ አስቸጋሪ ቃል ነው። ለእኛ ግን መቃብሩን ያላየነው ሰው ነው።

እንግዲህ ስሙ እንዴት ይበላሻል? ብዙዎቻችን «ንቀው ነው» እንላለን። ንቀትም አይጠፋም፤ ነገር ግን አብዛኛው ከፊደሉ የመጣ ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ሲሆን እያንዳንዱ በሰባት ድምፅ ሲነገር 231 ይሆናል። የዕብራይስጥ ፊደል 22 ነው። አናባቢው በነቁጥ፣ ማለት በኒኩድ ይታወቃል፤ ኒኩድ ግን በክፍል ዝርዝር ላይ አይጻፍም። ስለዚህ አንባቢው ስማችንን በግምት ያነብባል።

ቤት የምትባለው ፊደል ነጥብ ከሌላት «በ» ትሁን «ቨ» አይታወቅም። አበበ «አቨቫ»፣ አበራም «አቬራ» ይሆናል። «ጀ» እና «ቸ» በዕብራይስጥ የሉም፤ በጊሜልና በጻዲ ላይ ጌሬሽ የምትባል ትንሽ ጭረት ተጨምራ ይጻፋሉ። ያቺን ጭረት ጸሐፊው ከረሳት ወይም ኮምፒውተሩ ከጣላት ጀምበሬ «ጋምበራ» ይባላል፤ ዳኛቸውም «ዳንያጻው» ሆኖ ይቀራል። «ወ» የሚጻፈው በቫቭ ነው። ወርቁን አንዱ ጸሐፊ በአንድ ቫቭ፣ ሌላው በሁለት ቫቭ ይጽፈዋል፤ አንባቢውም «ቨርኩ» ይለዋል። ፈንታ የሚባለው ልጅ በክፍሉ የብርቱካን መጠጥ ስም ተሰጥቶት ይውላል። «ፋንታ፣ ፋንታ» እያሉ ሲስቁበት፣ ስሙ የሞተ ሰው ምትክ ማለት መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከበደ ነው። ነቁጥ በሌለው ጽሑፍ «ክቬዳ» ተብሎ ይነበባል። ይህ በዕብራይስጥ «ከባድ» ማለት ነው፤ ያውም ለሴት። ልጁ ወፈር ካለማ ጉዱ ፈላ። ነገር ግን አስተውሉ፤ በአማርኛውም በዕብራይስጡም ሥሩ አንድ ነው። በዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር «ካቮድ»፣ ማለት ክብር ይወጣል። ከአሥርቱ ትእዛዛት አባትና እናትን ስለ ማክበር የሚናገረውም «ካቤድ» ብሎ ይጀምራል። ይህን ለመምህርቱ ብንነግራት ለመሳቂያ የሆነው ስም ለትምህርት በሆነ ነበር። ማስረሻም እንደዚሁ ነው። ዮሴፍ በግብጽ የበኵር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ብሎ ነው። ምናሴ ማስረሻ ማለት አይደለምን? ስሞቻችን ለዚህ አገር እንግዶች አይደሉም።

ደግሞ ፍርዳችን ትክክል እንዲሆን በራሳችንም እንመልከት። እኛስ የሰውን ስም እንደ ባለቤቱ እንጠራለን? ሞሼን ሙሴ፣ ይጽሐቅን ይስሐቅ ብለን ኖረናል። የምንኖርባትን አሽዶድን እንኳ የአማርኛው መጽሐፍ አዛጦን ይላታል። ከሩሲያና ከጆርጂያ የመጡትን ጎረቤቶቻችንን ስም በትክክል የሚጠራ እጁን ያውጣ! ስለዚህ የተሳሳተ ሁሉ ጠላት አይደለም። ነገር ግን ነግረነው፣ ደግመን ነግረነው፣ «ለእኔ ይከብደኛል፣ ሌላ ስም ልስጠው» የሚል ሰው ስሕተቱን አልፎ ሄዷል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 «ሺቦሌት» ማለት አቅቷቸው «ሲቦሌት» ያሉ 42,000 የኤፍሬም ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ እንደ ወደቁ ተጽፏል። አንድ ፊደል ሰውን ከወገን ሊለይ ይችላል።

የእኛ ነገር የጀመረው ገና ስንገባ ነው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ሲመጡ ብዙዎቹ በግንባራቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸው እንደነበር ፎቶግራፉ ይመሰክራል። ቁጥሩ ቤተሰብ እንዳይለያይ የተደረገ ነው፤ ለክፋት አልነበረም። ከዚያ ግን ጸሐፊው መጣ። በ1984ም በ1991ም ለብዙ ልጆች በመርካዝ ክሊታና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ ወላጅ ሳይጠየቅ። ልጅ በአባቱ ስም የሚጠራበት ልማዳችን ቀርቶ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም የተመዘገቡ አሉ።

«የአገሩ መሪዎችስ ስማቸውን ለውጠው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ቤን ጉርዮን ግሪን ይባሉ ነበር። ጎልዳ ሜየርሰንም በ1956 ጎልዳ ሜኢር ሆኑ። ነገር ግን ዐዋቂ ሰዎች ሆነው፣ ትርጉሙን እያወቁ፣ በራሳቸው እጅ ፈርመው ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ግን አልፈረመም። በሌላ በኩል አዲሱ መሰለ በ1996 የመጀመሪያው ከኢትዮጵያ የመጣ የክኔሴት አባል ሲሆኑ አዲሱ ተብለው ገቡ፤ መሰለ የሚለው በዕብራይስጥ «ማሳላ» ቢሆንም። በላይነሽ ዘቫድያም በ2012 የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ሲሾሙ በላይነሽ እንደተባሉ ነው። በስማችን የተዘጋብን በር ቢኖር እንኳ በስማችን የተከፈተም አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት ልምጣ፤ አትቀየሙኝ። ጸሐፊዋ «እንዲህ ነው?» ብላ ስትጠይቀን ዐይናችንን ወደ መሬት አድርገን «ቤሴዴር» እንላለን። ሰው እንዳናስቸግር፣ ሰልፉን እንዳናስቆም፣ ይሉኝታ ይዞን። ይሉኝታ በጎ ልማድ ነው፤ በልጅ ስም ላይ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው። ስለዚህ እኔ ዘግይቼ የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ልጅ ሲወለድ በዕብራይስጥ እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ወስኑ። በወረቀት ጻፉና ለማያውቃችሁ ዕብራይስጥ ተናጋሪ «አንብብልኝ» በሉት። ከአፉ የሚወጣውን ስሙ። አንዳንድ ጊዜ አንዲት አሌፍ ወይም ዮድ መጨመር ስሙን ታድነዋለች። ትልልቆቹን ልጆቻችሁንም አማክሩ፤ የክፍሉን ሳቅ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የቴዑዳት ዜሁታችሁን ሴፋኽ፣ የኩፓት ሆሊም ካርድ፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀትና ፓስፖርቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ፊደል በፊደል አስተያዩ። በአንድ ቫቭና በሁለት ቫቭ የተጻፈ ሰው ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከስም ጋር የመታወቂያ ቁጥር መስጠት አትርሱ። በፓስፖርት ላይ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍም ስትጠይቁ በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ ስጡ።

ሦስተኛ፣ የተሳሳተ ስም ይታረማል። ከተማችን አሽዶድ በተመሠረተችበት በ1956 የወጣ የስም ሕግ አለ። በዚያ ሕግ ለልጅ ስም የሚያወጡት ወላጆቹ ናቸው፤ ጸሐፊ አይደለም፤ አስተማሪም አይደለችም። ዐዋቂ የሆነ ሰው ስሙን ሊለውጥ ይችላል፤ ከሰባት ዓመት በፊት እንደገና ልለውጥ ቢል ግን ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ሕዝብ ምዝገባ ቢሮ ስትሄዱ የምትጠይቁት የጽሕፈት ስሕተት ማረሚያ ነው ወይስ የስም ለውጥ? ለይታችሁ ተናገሩ፤ የዓሊያ ወረቀቶቻችሁንም ሁሉ ያዙ። ከታረመ በኋላ የቀድሞውን ወረቀት አትጣሉ፤ በአሮጌው ስም የወጣ ምስክር ወረቀት የእናንተው መሆኑን ማስረዳት የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

አራተኛ፣ ሴፕቴምበር 1 ከመድረሱ በፊት መምህርቷን አግኟት። ስሙን በኒኩድ ጽፋችሁ በካርድ ስጧት፤ ትርጉሙንም ንገሯት። በቁጣ አይሁን። «ይህ ስም በቤታችን የከበረ ነው፤ እንዲህ ተብሎ ይጠራል» ብቻ በሏት። ቋንቋው ካስቸገራችሁ የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የራሱን ጉዳይ ልጁ እንዲያስተረጉም ግን አታድርጉ።

አምስተኛና ዋናው፣ ልጁ ስለ ስሙ ታሪክ ይወቅ። ስሙ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ልጅ ሲስቁበት አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ ማታ ብቻውን ያለቅሳል። የሚያውቅ ልጅ «ስሜ እንዲህ ነው» ብሎ በጸጥታ ያርማል። ሁለት ጊዜ አርሞ ቢደክመው አትቆጡት፤ ሦስተኛውን እናንተ አርሙለት። አድጎ «የዕብራይስጥ ስም ልጨምር» ቢል ደግሞ ጦርነት አትክፈቱበት። ጠይቁት፤ ስሙን ጠልቶ ነው ወይስ ማረም ሰልችቶት? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ሁለት ዓመት ከልጄ ጋር ተኳርፌያለሁ።

ንግግሬን በዚህ ልጨርስ። ልጄ 13 ዓመት ሲሞላው ባር ሚጽቫ አደረግን። አስቀድሞ ለጠሪው ሽማግሌ አንድ ካርድ ሲሰጠው አየሁ። ነቁጡን ሁሉ ራሱ ጽፎበታል። በቤተ ክኔሴት ወደ ኦሪት የሚጠራ ሰው እንዴት እንደሚጠራ ታውቃላችሁ፤ በቤተሰብ ስም አይደለም፤ እገሌ የእገሌ ልጅ ተብሎ ነው፤ እንደ አገራችን። ሽማግሌው ካርዱን ወደ ዐይኑ አስጠግቶ ቀስ ብሎ አነበበ። የወንድሜን ስም ጠራ፤ ቀጥሎ የእኔን ጠራ። አንድም ፊደል አልጎደለም።

ልጄም ተነሣ።

ወረቀቶቻችሁን ዛሬ ማታ ማየት አትርሱ።