ለሌላው የተጠረገ መንገድ



ኤድ ዮስት አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በእሱ ዘመን የሙቅ አየር ባሉን ሊረሳ ምንም አልቀረውም ነበር። ዮስት ግን ከናይሎን ጨርቅ ባሉን ሠርቶ በፕሮፔን ጋዝ የሚነድ ማሞቂያ ገጠመለት። እ.ኤ.አ. በ1960 በነብራስካ ሰማይ ላይ በረረበት። ዛሬ ሰው የሚሳፈርባቸው የሙቅ አየር ባሉኖች መሠረታቸው ይኸው ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የአትላንቲክ ውቅያኖስን በሂሊየም ባሉን ብቻውን ሊሻገር ተነሣ። ከ100 ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆይቶ በርቀትም በቆይታም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሆኖም ነፋሱ አቅጣጫ ስላሳተው አውሮፓ ሳይደርስ ባሕር ላይ አረፈ።

ከ2 ዓመት በኋላ ሦስት አሜሪካውያን ያንኑ ውቅያኖስ በባሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻግረው ፈረንሳይ ገቡ። ባሉናቸውን የሠራላቸው ኤድ ዮስት ነበር።

አድማጮቻችን፣ እኛ ያልደረስንበት ቦታ ሌላው እንዲደርስ እውቀታችንን ሳንሰስት መስጠት ትልቅነት ነው። ዛሬ በሥራ ቦታችሁ አዲስ የገባ ባልደረባ ካለ፣ የምታውቁትን አንድ ነገር አሳዩት።