የእቴጌይቱ ቀሚስ

እሷ፦ ጥልፍ የብቻ ሥራ አይደለም እኮ። ቡና ሲፈላ አንዷ የትራስ ልብስ፣ ሌላዋ የቀሚስ አንገት ይዛ ትቀመጣለች፤ ልጅም እያየች መርፌ ትለምዳለች።

እሱ፦ እኔን የሚከነክነኝ ግን የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ነው። በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። ንጉሡ ወደ መቅደላ የተነሡት ደግሞ በዚያው ዓመት መግቢያ፣ ከዚሁ ከደብረ ታቦር ነው።

እሷ፦ ታዲያ የኛ ጠላፊዎች ሊያዩት ቪዛ ይለምኑ? ፎቶውን አሳያቸው፤ ዓይናቸው ይገለብጠዋል።

እሱ፦ መስቀልኛው ስፌትስ?

እሷ፦ ለጀማሪ ይመቻል። የጨርቁን ክር ቆጥረህ መርፌውን አሻግረህ ታሳልፋለህ፤ ቁጥሩ ከሳተ መፍታት ነው። አንተም ሞክረው እንጂ! ሸማኔው ወንድ ሆኖ ሳለ መርፌን ለሴት ብቻ የሰጠው ማነው?