ስለ ከተማና ስለ ገጠር አነጋገራችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



እኛ የጎንደር ከተማ ልጆች ወሬ የሚያበዛውን ሰው «አፉ ፍሬን የለውም»፤ አካሄዱን የለወጠውን «ማርሽ ቀየረ» እንላለን። የምንቀጣጠረውም ፒያሳ ነው። ፍሬን፤ ማርሽ፤ ጎማ፤ ቡሎን፤ ካቻቢቴ፤ ፒያሳም ጭምር ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጠላት በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ድል ተነሥቶ ሲሄድ ቃሎቹ ግን በጋራዡና በጨዋታችን ቀሩ።

ከደባትና ከደባርቅ በኩል የመጣው ጓደኛችን ደግሞ «በወንፈል እናጥና» ይለናል። ወንፈል ገበሬዎች አንዱ የሌላውን እርሻ ተራ በተራ የሚሠሩበት፤ ቀንን በቀን የሚመላለሱበት መረዳጃ ነው። ከአገሩ ርቆ ሄዶ የሚያርሰውንም «ሞፈር ዘመት» ይለዋል። ታዲያ የባዕዱን ቃል እንደ ሥልጣኔ ቆጥረን በዚህ አነጋገር ስንስቅ ምን ይባላል? የተሳቀበት ልጅ በክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት ይተዋል፤ የሚያውቀውም በሆዱ ተዳፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ ፍሬንንም ወንፈልንም እንያዝ፤ አንዱን በሌላው አናዋርድ። የማናውቀውን ቃል በሰማን ጊዜ ከመሳቃችን በፊት ትርጉሙን እንጠይቅ።