ዕድሜ የጠገበች ኩፔን ዘወትር ስለ መንዳት



የዚህ ንግግር ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ በመተላለፊያው የሚያገኙኝ ባልደረቦች ፈገግ እያሉ እንደሚያልፉ አስተውያለሁ። አልፈርድባቸውም። ስለ ግድብና ስለ ድልድይ በሚወሳበት መድረክ ላይ አንድ መምህር ስለ ገዛ መኪናው ሊያወራ መነሣቱ የሚያስፈግግ ነገር አለው። ያቺን ብርቱካንማ ሁለት በር መኪና በግቢያችን የማያውቃት የለም፤ ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ሥራ የምመጣው፣ ገበያ የምሄደው፣ ለቅሶ የምደርሰው በእሷ ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄም ከዚሁ የመነጨ ነው፦ ሃምሳ ዓመት የሞላትን የስፖርት ኩፔ የዘወትር መጓጓዣ አድርጎ መያዝ በምሕንድስና ዓይን ምን ይጠይቃል? ከዚያም አልፎ፣ ተገቢ ነውን?

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ናት። የሴሊካ ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1970 በቶኪዮ የአውቶሞቢል ትርዒት ላይ ሲሆን፣ ለሽያጭ የቀረበው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ነበር። ስሟ «ሰማያዊ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የተወሰደ ነው። ስሟ ሰማያዊ ይሁን እንጂ አጥንቷ ምድራዊ ነው። ከሥር ያለው አካሏ ካሪና ከተባለችው የቤተሰብ መኪና ጋር አንድ ነው፤ 1,588 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት ያለው 2ቲ የተሰኘው ሞተሯም በኮሮላዎች ላይ ያገለገለ ነው። ባጭሩ፣ የስፖርት ቀሚስ የለበሰች የቤት ልጅ ናት።

ይህን ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። ትዳር የሚያስብ ሰው የልጅቱን ዘር ማንዘር እንደሚያጠያይቅ ሁሉ፣ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚመኝ ሰውም ከመልኳ በፊት ዘመዶቿን ይመርምር። ሶማሌ ተራ ወርጄ «የሴሊካ ዕቃ» ብል ነጋዴው አንገቱን ይነቀንቃል፤ «የድሮ ኮሮላ» ስል ግን ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ካርቶን ይጎትታል። ከዘመድ የማይገኘው መስታወቷ፣ መብራቷና ፓራውልቷ ነው፤ ስለዚህ ጠጠር ከጫነ ገልባጭ መኪና ኋላ አልሄድም፤ መኪናዬንም ከግንብ አጠገብ አላቆምም። ፍጥነቷ ከዕለታዊ ኑሮዬ ውስጥ ቦታ የለውም። ደስታዋ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ መሪዋ ያለ ማገዣ የመንገዱን ጠባይ ለእጅ ያደርሳል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ያንኑ ጠባይ ለወገብ ታደርሳለች።

አሁን ወደ ሞያችን ልግባ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ማንኛውም የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ጉልበቱን ማጣቱ ሊታገሡት የሚችሉት ነገር ነው። ችግሩ ካርቡሬተሩ ላይ ነው። ካርቡሬተር የሚያየው የአየሩን ይዘት እንጂ ክብደቱን አይደለም። አየሩ በ25 በመቶ ሲሳሳ፣ የሚመጠጠው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው በዚያው ልክ ሳይሆን በ13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ስሌቱ ካሬ ሥር ስላለበት። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከሚገባው 15 በመቶ ያህል የበለጠ ነዳጅ ያጠጣል። ውጤቱን ካንዴላው ይናገራል፤ ፈትታችሁ ስታዩት ከሰል መስሏል።

መኪናዋን የገዛሁ ጊዜ እንዲሁ ነበረች። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ዳገት ላይ ማነቅ። የቀድሞው ባለቤት «ሞተሯ አርጅቷል» ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ ዋጋዋም በዚሁ ሰበብ ቀነሰ። ሞተሩ ግን አላረጀም ነበር። ነዳጁ የሚያልፍባትን የነሐስ ቁራጭ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ቀዳዳ 7 በመቶ ጠበብ ወዳለው ቀየርን፤ ከማለዳው እስከ እኩለ ቀን የፈጀ ሥራ ነበር። በማግሥቱ ሌላ መኪና ሆነች። ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እደግመዋለሁ፦ ብዙ «ያረጀ» የተባለ ሞተር ያለ ቦታው የተስተካከለ ሞተር ነው።

መፍትሔው ግን ራሱ ችግር ይወልዳል። ለአዲስ አበባ የተስተካከለችውን መኪና ይዤ ወደ አዋሽ ብወርድ፣ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከብዶ ይጠብቀኛል፤ በቆላው ሙቀትም እንኳ ቢሆን ቅልቅሉ በ6 በመቶ ገደማ ነዳጅ ያንሰዋል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ያንኳኳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን የነሐስ ቁራጭ በፖስታ አድርጌ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ አዳማ ላይ ሞተሯ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጥቼ እቀይራለሁ። የዛሬ መኪና ይህን በኮምፒውተር አማካይነት በሰከንድ ክፍልፋይ ይሠራዋል፤ ሾፌሩም አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ዋጋው አንድ ሰዓት ነው።

የራዲያተሩም ነገር ከከፍታው ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቴርሞስታቱ ውኃውን ወደ ራዲያተር መልቀቅ የሚጀምረው ደግሞ በ82 ዲግሪ ነው። በሁለቱ መካከል አሥር ዲግሪ ብቻ! ልዩነቱን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ግን ሁሉም ነገር ወደ 92 ይመለሳል፤ መኪናዋም መስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ ትፈላለች። ብዙ ሰው ያኔ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። የእኔም ስገዛት አልነበራትም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በኅዳር ብርድ ሥራ ቦታ እስኪደርስ ድረስ አይሞቅም፤ ያልነደደው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲሊንደሩም ያልቃል። የጥፋቱ ምንጭ ያ ርካሽ ክዳን ሆኖ ሳለ ፍርዱ ቴርሞስታቱ ላይ ወደቀ።

እስካሁን የነገርኳችሁ መኪናዋን በሚገባ የያዝኩ ሰው እንደሆንኩ ያስመስላል። የሚቀጥለው ታሪክ ይህን ያርመዋል።

ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እወርድ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ እየወረድኩ ፍሬኑን ደጋግሜ እረግጣለሁ፤ ወሬ ይዘናል። አንድ መታጠፊያ ላይ ፔዳሉን ስረግጠው እግሬ ባዶ ነገር እንደረገጠ ሁሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደግሜ ብረግጥም ያው ነው። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ጣልኩት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሞተሯ ጮኸች፤ የመንገዱ ዳር አፈር ላይ ወጥተን ቆምን። ከፊታችን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ነበሩ። ርቀቱን በእርምጃ ለካሁት፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፔዳሉን ብረግጠው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ተመልሷል። ልጄ «አባዬ፣ አሁን ዳነች?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ምክንያቱም ምን እንደሆነች አውቄ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን መፍያው ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይሆን ደረጃው ያዛል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ የሚረግጥ ሰው ዘይቱን እዚያ ድረስ ሊያግለው ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ጉልበት አያስተላልፍም። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፤ ማስረጃም አይተውም። ይህን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ።

በማግሥቱ መኪናዋን በተጎታች ወደ መካኒኬ ወሰድኳት። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተው ጣታቸውን ነከሩና አሳዩኝ፤ ቡና መስሏል። «ዶክተር» አሉኝ፣ «ይህን እኮ እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩት።» ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ቤቴ ገብቼ የመኪናዋን መዝገብ ገለጥኩ። የሞተር ዘይት የተቀየረበት ኪሎ ሜትር ሁሉ በሥርዓት ተጽፏል። የፍሬን ዘይት የሚል ቃል ግን ከገዛኋት ቀን ጀምሮ አንድም ቦታ የለም። ስሕተቴ ያኔ ተገለጠልኝ፦ መኪናዋን በኪሎ ሜትር ብቻ እለካት ነበር። የፍሬን ዘይት ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ክረምት ነው። የላስቲክ ቱቦም፣ የነዳጅ መስመርም፣ ጎማም እንዲሁ። ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ሊያልቅ ይችላል፤ በጎኑ ላይ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በአራት አኃዝ ተጽፎ ሳለ ስንቶቻችን ጎንበስ ብለን አንብበነዋል? ከዚያ ወዲህ መዝገቤ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለዘመን። ሁለተኛው ዓምድ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይሞላል፤ የፍሬን ዘይቱም ያኔ ይቀየራል።

«እንግዲያውስ ቆማ ብትቀመጥ አይሻልም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይሻልም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ለወራት አቁሜያት ነበር። ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ተንኖ ሙጫ ትቶ ሄደ፤ ባትሪው ሞተ፤ የፍሬን ታምቡሮቹ ዝገው ከሸራው ጋር ተጣበቁ። በስምንት ዓመት የዘወትር መንዳት ያልደረሰባት ጉዳት በአንድ ክረምት ደረሰባት። አሮጌ መኪና በመነዳት ታልቃለች የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ነው፤ በመቆም የምታልቀው የባሰ ነው።

ተገቢ ነው ወይ ወዳልኩት ልመለስ። አሮጌ መኪና ማቆየት ለአካባቢ ይበጃል የሚል ክርክር እሰማለሁ፤ አዲስ መኪና ለመሥራት የሚወጣው ኃይል ይድናል ይባላል። እኔ በዚህ አልከለልም። መኪናዬ የጭሱን መርዝ የሚያጣራ ካታሊስት የላትም። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ በሚመነጭበት አገር፣ ከጎኔ የቆመችው የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማዋ አየር ከእኔዋ ትሻላለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ቀረጡን አክብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወስኗል። አቅጣጫውን አልቃወምም። ቢሆንም በመንገዳችን ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች በአንድ ሌሊት አይጠፉም፤ ያረጃሉ። ተተኪ ሲጠፋላቸው ደግሞ ይበልጥ ያረጃሉ። በመጪዎቹ ዓመታት የሚያስፈልገን የጥገና ዕውቀት የአሮጌ መኪና ዕውቀት ነው፤ እሱን የያዙት ግን እንደ መካኒኬ ያሉ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው።

ለራሴ የደረስኩበት ውሳኔ ይህ ነው። መኪናዋን መንዳቴን ቀጥያለሁ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ግን ማንንም አልጭንም። ሲገዟት ከኋላ የደኅንነት ቀበቶ አልነበራትም። ቀበቶ ላስገባላት አስቤ ወለሏን ፈትሼ ነበር፤ ቀበቶ የሚጠነክረው የታሰረበት ብረት እስከሚጠነክር ድረስ ነው፤ የእሷ ብረት ደግሞ ዝገት በልቶታል። ኤርባግ የለም፣ ጎማው እንዳይነክስ የሚቆጣጠር መሣሪያ የለም። በራሴ ላይ የምወስደውን አደጋ በልጄ ላይ ልወስድ አልችልም። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት በታክሲ ትሄዳለች። «መቼ ነው እኔ የምነዳት?» ትለኛለች። የፍሬን ዘይት መቀየር ከቻልሽ በኋላ ብያታለሁ፤ ባለፈው መስከረም ፔዳሉን እየረገጠች አብራኝ ዘይቱን አፍስሳለች።

መካኒኬን ዛሬ ወደዚህ መድረክ ልጋብዛቸው ፈልጌ ነበር፤ «እኔ ምን አወራለሁ፣ ኮፋኖውን ክፈቱላቸው» አሉኝ። መኪናዋ ከአዳራሹ በስተጀርባ ቆማለች፤ እሳቸውም አጠገቧ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ጥያቄ ያላችሁ ወደዚያ እንሂድ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ኑ፤ ካርቡሬተሩን እሳቸው ይፈቱታል፣ የሚገጥሙት ግን እናንተ ናችሁ።