አልዘልም ያለ ፈረስ



በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር፣ ሴንት ቦይ የተባለ ፈረስ አልዘልም አለ። በዚያው ቀን ሌላ ጋላቢ ይዞ መሰናክል ላይ እምቢ ብሎ ነበር። ቀጥሎ በዕጣ የደረሰው ውድድሩን ስትመራ ለነበረችው ለጀርመናዊቷ አኒካ ሽሎይ ነው፤ ለመተዋወቅ 20 ደቂቃ ብቻ ተሰጣቸው። እርሷ ኮርቻው ላይ አለቀሰች፤ አሠልጣኟ ፈረሱን በጡጫ መታችውና ከኦሎምፒኩ ታገደች። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የፈረሱ አልነበረም።

የፈራን ፈረስ ዱላ አያደፋፍረውም፤ መሰናክል ባየ ቁጥር ዱላው ትዝ ይለዋል። አስቀድሞ ጀርባው፣ ጥርሱ፣ ሰኮናውና ኮርቻው ይመርመር፤ እምቢታ የምንለው ብዙ ጊዜ ሕመም ነውና። ከዚያ እንጨቶችን መሬት ላይ 1 ሜትር ከ30 ያህል አራርቆ አጋድሞ በሶምሶማ ማሻገር ነው። ቀጥሎ ሁለት እንጨት በመስቀል መልክ፣ ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ። ፈረስ አፍንጫው ሥር ያለውን ስለማያይ ርቀቱን ቀድሞ እንዲለካ ከመሰናክሉ ፊት አንድ እንጨት ማስተኛት ይበጃል።

ሁለት ሦስት ጊዜ በደህና ከዘለለ አንገቱን ደባብሶ ማሳረፍ ነው። «ዛሬ ስለ ቀናው ከፍ እናድርገው» የሚል ጋላቢ የሳምንቱን ድካም ያፈርሳል። ከፍታው የሚጨመረው ፈረሱ ጆሮውን ወደ ፊት አቁሞ፣ ሳይገፋ ወደ እንጨቱ ሲሄድ ነው።